«ማን ቀረኝ» የተባለው ውሻ

«አንቺን ከጎኔ ከማስቀምጥ ውሻ ባስቀምጥ ይሻለኛል። ውሻ ቢያንስ አያርመኝም» አሉኝ እሜቴ፣ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው።

ያረምኳቸው አንድ ቃል ነው። የዕለቱን መዝሙር ሳነብላቸው እሳቸው በቃላቸው ይከተሉኛል፤ የሚጠብቀውን አላልተው አለፉት፤ እኔም ዝም ማለት አልፈጠረብኝምና «ይጠብቃል፣ እሜቴ» አልኩ። አንድ ቃል ያልኩት ለዚያች ሰዓት ነው እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ከተቆጠረ አራት ይሆናል።

እሜቴ በአንኮበር የታወቀ ትልቅ ሰው ሚስት የነበሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የድመት የሆነ ሴት ናቸው። እኔ የደብረ ብርሃን ደብተራ ልጅ ነኝ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልተወለደለት ንባቡንም ዜማውንም እኔ ላይ አፈሰሰው። ዜማውን ጨርሼ ቅኔ ልጀምር ስል ግን ደነገጠ። «ለሴት ልጅ እስከዚህ ይበቃል» ብሎ፣ ባላቸው የሞቱባቸውና መጽሐፍ የሚያነብላቸው ለሚሹት ለእሜቴ ሰጠኝ። ለአንድ ክረምት የተባለው ሁለት ክረምት ሆነ።

አጎቴ ሞረት ውስጥ፣ ከእነዋሪ ገበያ ብዙም በማይርቅ ደብር ቅኔ ያስተምራል። እሱ እንደ አባቴ ቶሎ አይደነግጥም። በዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ እንዲህ ብሎ ላከብኝ፦ «ነይ። ሴት ልጅ ከተማሪ ጎጆ ማሳደር አልችልም፤ ሚስቴ ግን ከጓዳዋ ጥግ ቦታ ለቃልሻለች። እስከ ዳግም ትንሣኤ ካልመጣሽ ቦታው ለእህቷ ልጅ ነው።» መልእክቱን በደስታ እየዘለልኩ ለእሜቴ ነገርኩ። እሜቴ አልዘለሉም።

«ማርያምን! ከጎኔ የሚቀመጥ ሳላገኝ አልለቅሽም» ብለው ማሉ።

ከማሉ ማሉ ነው። እንግዲህ ከጎናቸው የሚቀመጥ መፈለግ የኔ ሥራ ሆነ። ሦስት ልጃገረዶች አመጣሁ። አንደኛዋ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ሁለተኛዋ ታንኮራፋለች፤ ማንኮራፋቷ ባልከፋ፣ ከእሜቴ ቀድማ ማንኮራፋቷ ነው ያስቆጣቸው። ሦስተኛዋን ወደዷት፤ በሳምንቷ ዘመዶቿ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ይዘዋት ሄዱ። ያን ጊዜ ከአንኮበር የተንቀሳቀሰ ሁሉ ወደ እንጦጦ ነበር። ንጉሡ ከወጡ ወዲህ መኳንንቱ ተከተሉ፣ መኳንንቱን ጠጅ ጣዮቹ፣ ጠጅ ጣዮቹን አዝማሪዎቹ። የእሜቴ የወንድም ልጆችም ሄዱ። ያልሄደው ጉሙ ብቻ ነው፤ እሱ እንደ ድሮው ከገደሉ ሥር እየተነሣ በየጠዋቱ ይጎበኘን ነበር።

ስለዚህ እሜቴ «ውሻ ይሻለኛል» ሲሉ ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እኔ ግን ጆሮዬ ቆመ።

«የምርዎን ነው?»

«ምኑን?»

«ውሻ ይሻለኛል ያሉትን።»

እሜቴ የተናገሩትን የማይመልሱ ሴት ናቸው፤ ብዙ ሰውም የተጣሉት በዚህ ነው። «የምሬን ነው» አሉ። «አንድ ፈረንጅ ግቢ ውስጥ ይዞ ሲዞር አይቻለሁ፣ ዓይኔ ደህና ሳለ። ነጭ፣ ጠጉራም፣ እጅጌ ውስጥ የምትገባ። ሰው ሲያወራ ዝም ብላ ታዳምጣለች። እሷን የመሰለ አምጪልኝና መዝሙሩ እስኪያልቅ ከጎኔ ይቀመጥ፤ አንቺ የፈለግሽበት ሂጂ።»

«ማርያምን ይበሉ።»

«ማርያምን! ምን ዓይነት ልጅ ነች!»

ፈረንጁ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። እሱም ወደ እንጦጦ ወጥቷል፤ ውሻይቱ ግን ወልዳ ስለነበር ከገደሉ ሥር ባለችው አልዩ አምባ፣ ቤት ካከራየው ነጋዴ ዘንድ ከነቡችሎቿ ቀርታለች ሲባል ገበያ ላይ ሰምቼ ነበር። እሜቴ በቅሎዋንና ሽማግሌውን አሽከራቸውን ሰጡኝ። ሽማግሌው የሟቹን ጋሻ ተሸክሞ ስንት ዘመቻ የወጣ ሰው ስለሆነ ምን ልናመጣ እንደምንወርድ የነገርኩት ግማሽ መንገድ ከወረድን በኋላ ነው።

«ውሻ?» አለና ቆመ።

«ውሻ።»

«ለበር?»

«ለጭን።»

በቅሎዋን አዙሮ ሊመለስ ነበር። ቁልቁለቱ ለመመለስ የሚመች ስላልሆነ ብቻ አብሮኝ ወረደ፤ እስከ ታች ድረስ ግን አላናገረኝም።

ነጋዴው ምን ፈልገን እንደመጣን ሲሰማ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «አልሐምዱሊላህ! ስንቱን ትወስጃለሽ?»

«አንድ።»

«አራቱንም ውሰጂ፣ ልጄ። እናቲቱ አደራ ሆናብኝ ነው እንጂ እሷንም እመርቅልሽ ነበር።» ሽርጡን ሰብስቦ በሩቁ እየዞረ ወደ ጓሮ መራን። «ፈረንጁ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ግን የውሻ ምላስ የነካውን ዕቃ እኛ ሰባት ጊዜ እናጥባለን፣ አንዱን በአፈር። ወላሂ፣ እነዚህ አራቱ ከተወለዱ ጀምሮ እኔ ነጋዴነቴን ትቼ አጣቢ ሆኛለሁ።»

እናቲቱ እሜቴ እንዳሉት ናት፤ የበግ ለምድ የለበሰች ድመት ትመስላለች። አባትየውን ስጠይቅ ነጋዴው ሳቀ። «እሱን አትጠይቂኝ። በአጥር ዘሎ መጣ፣ በአጥር ዘሎ ሄደ።»

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ከዘላዩ የወጣ ቡችላ ከሆነ በዓመቱ ጥጃ አክሎ እሜቴን ከመደባቸው ይገፋቸዋል። ሽማግሌው የሚያውቀው ነገር ሲመጣ ኩርፊያውን ረሳና ቁጢጥ አለ። የአንዱን አፍ ፈልቅቆ ላንቃውን አየ። «ይኸው! ጥቁር ነው። ከሰል! ይሄን ውሰጂ።»

«ላንቃው ቢጠቁር ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል ትላለች! ኃይለኛ ነዋ። ጅብ ያቆማል።»

«አባባ፣ የእሜቴ ጭን ላይ ጅብ የለም።»

ነጋዴው ከሩቅ ሆኖ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ለካ ከልቡ ያውቃል፤ የአራቱንም መዳፍ በመዳፉ እየመዘነ ሁለቱን ለየ። «እነዚህ መዳፋቸው ሰፊ ነው፣ ያድጋሉ። እነዚህ ሁለቱ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ለምን እንደሚጠቅሙ እንጃ እንጂ።»

ከሁለቱ የሚሆነውን የምለይበት ሌላ ዘዴ አልነበረኝም፤ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደማነብላቸው አድርጌ የዚያን ቀን መዝሙር በቃሌ ጀመርኩ። አንደኛው በየሐረጉ መጨረሻ ይጮኻል፤ ዜማ የማያውቅ መሪጌታ ይመስል። ሁለተኛው፣ ነጭ ሆኖ ጆሮው ቡላ የሆነው፣ መጣና እግሬ ላይ ሦስት ጊዜ ዞሮ ተኛ። መዝሙሩን ስጨርስ አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየኝ፣ ማለቁን አረጋገጠና መልሶ ጨፈነ።

«ይሄስ ራሳቸው እሜቴ ናቸው» አልኩ ሳቄን ሳልችል፤ ሽማግሌው ዘወር ብሎ ሳቀ፣ ሲስቅ እንዳላየው ነው።

ዳገቱን ስንወጣ ቡችላውን ሽማግሌው በጋቢው ደረቱ ላይ ያዘው፤ እኔ ይዤው በቅሎዋ ፈርታ ነበር። መንገድ ላይ የሚያውቁት ሁለት ዘማቾች አገኙን። ቡችላው ሲያላዝን ሽማግሌው እኩል ያስላል። «ደረቴን አሞኛል» አላቸው። «ይሄ ሳል ደህና አይደለም» አሉት አዝነው። እኔ ከበቅሎዋ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

እሜቴ በጣታቸው ከጆሮው እስከ ጅራቱ ዳሰሱት። «ይህ አይጥ ነው።»

«ውሻ ነው፣ እሜቴ። አያድግም።»

«እሱን እናያለን» አሉና እጃቸውን ሳያነሡ እዚያው ተዉት። በማግስቱ መዝሙሩ እስኪያልቅ ተኛላቸው። ጥቅሌን መጠቅለል ጀመርኩ።

ችኮላዬ ነው። ውሻ መምረጥ አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሕፃን ከማሳደግ አይለይም። አንኮበር ብርድ ነው፤ በአሮጌ ቁና ውስጥ የባና ቁራጭ አንጥፈን አልጋ ሠራንለት፤ ባናውን በላው። የመጽሐፉን ማኅደር ማንገቻ በላ፤ ከበቅሎዋ ጠፍር ቆርጬ ብሰፋው እሜቴ ዳሰሱና «ጸሎቴ በቅሎ በቅሎ ሸተተኝ» አሉ። ቁንጫ ወረረው፤ በእንዶድ አጠብኩት፤ አረፋው ዓይኑ ገብቶ ሁለት ቀን እኔን ባየ ቁጥር መደቡ ሥር ተደበቀ። ከዚያ በኋላ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ፣ ሌላውን ብቻ በእንዶድ ማጠብ ለመድኩ፤ ፀሐይ በወጣበት ቀን ብቻ፣ ያውም ረፋድ ላይ። ጠጉሩ ሲቋጠር በሚዶ አበጥረዋለሁ፤ ሚዶው የኔው ነው፤ ሌላ የለኝም።

በዚህ መሐል ሁዳዴ ገባ። እሜቴ «በቤቴ ያለ ሁሉ ይጾማል» አሉ። የሚጾመው ማን እንደሆነ ስጠይቅ በጣታቸው ወደ ቁናው አመለከቱ። በሶ በውኃ አሸሁለት፤ አሽትቶ ወደኔ አየ፤ እንደ ሰው እንዲያ ሲያየኝ አፈርኩ። እሜቴ ግን ጠጉሩ እንዳይደርቅ እንደ ልጅ ቅቤ ይቀባ ብለው አዘዙ። ቀባሁት። እሱም ፊቱን አዙሮ ቅቤውን ከጀርባው ልሶ ልሶ ጨረሰ። ለሦስት ቀን «ቅቤው እንዴት ቶሎ ሠረገለት!» እያሉ ሲገረሙ ምንም አልተነፈስኩም።

ከዚያ ስም መጣ።

በዚያ ቤት ስም ሁሉ ጥሪና መልስ ነው። ሽማግሌውን «ሁሉ አላፊ!» ብለው ሲጠሩት አቤት አይልም፤ «ስምዎ ይቀራል!» ነው የሚለው። በቅሎዋ ሳትቀር ጥሪ አላት፤ እሷ ስለማትመልስ የሚጭናት ይመልስላታል። ስም የሚወጣው ደግሞ ለተጠሪው አይደለም፣ ለሚሰማው ጎረቤት ነው። ከአጥሩ ማዶ የእሜቴ ባል እኅት ይኖራሉ፤ የማዶዋ ወይዘሮ እንበላቸው። በሟቹ ተዝካር ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ስለ እሜቴ «ጧሪ የሌላት» ብለው ተናገሩ። እሜቴ ሰሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዷ በዚህ በር ከገባች ሌላዋ በዚያ ናት።

እሜቴ ሦስት ቀን አሰቡና ውሻውን ግቢው መሐል አስቁመው፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አድርገው ስሙን አወጡ።

«ጥሪው ‹ማን ቀረኝ› ነው። መልሱ ‹እኔ አለሁልዎ› ነው» አሉ። ወዲያው በዚያ በአዋጅ ድምፃቸው፣ «ማን ቀረኝ!» ብለው ተጣሩ።

ውሻው እግሩን አከከ።

ዝምታው አሳፋሪ ነበር። ጥሪ ሜዳ ላይ ቀርቶ መልስ ሲያጣ በዚያ አገር ነውር ነው፤ ማዶም በር ሲጢጥ ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ነገር ሳላስብ የምናገር ሴት ነኝ። «እኔ አለሁልዎ!» አልኩ፣ ከእሳቸው በላይ ጮኼ።

እሜቴ ፊታቸው በራ። ራሴን በገዛ አፌ ያሰርኩት እንደዚያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት «ማን ቀረኝ!» ይላሉ፤ እኔ «እኔ አለሁልዎ!»። ቀትር ላይ «ማን ቀረኝ!»፤ «እኔ አለሁልዎ!»። ውሻው እንደ ባለሥልጣን በቁናው ተቀምጦ እኔ እየመለስኩለት እኖራለሁ። በሳምንቱ ጥቅሌን ይዤ ብቀርብ እሜቴ፣

«ወዴት?» አሉኝ።

«ከጎንዎ የሚቀመጥ አግኝተዋል፣ እሜቴ። መዝሙሩ እስኪያልቅ ይተኛልዎታል።»

«ይተኛል። ስጠራውስ ማን ይመልስልኛል?»

«ውሻ ነው እኮ!»

«ማዶ ያለችው ሳትሰማኝ ብትቀር ግድ የለኝም ነበር። አሁን ስሙን ሰምታለች። ጠርቼ የሚመልስልኝ ካጣሁ ምን ትላለች? ያለችውን ትላለች።» ድምፃቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። «የፋሲካ ማግስት እፈትነዋለሁ» አሉ። «አንቺ አፍሽን ትዘጊያለሽ። ውሻው ከመለሰ ትሄጃለሽ። ካልመለሰ አንቺው አለሽልኝ።»

ፋሲካ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አጎቴ የቆረጠው ቀን ደግሞ ከፋሲካ በሳምንቱ ነው።

ውሻ «እኔ አለሁልዎ» አይልም። ሁለት ጊዜ ግን ይጮኻል፤ ሁለት ጊዜ ከጮኸ «ውይ፣ መለሰ» ማስባል አያቅተኝም ብዬ አሰብኩ። በበሶ እንደማይሆን ደግሞ አውቀዋለሁ። ከቅበላ የተረፈ ቋንጣ ጓዳ ውስጥ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ዘንጉን አወረድኩ፤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ውሻውን ይዤ ከገብስ ጎተራው ጀርባ መሄድ ጀመርኩ። «ማን ቀረኝ!» እላለሁ፤ ቋንጣውን አሳያለሁ፤ እሱ ይዘላል፣ እሱ ይለማመጣል፣ በመጨረሻ በንዴት «ው! ው!» ይላል። ሁለት ከሆነ ይበላል። ሦስት ከሆነ አይበላም። በሳምንቱ መቁጠር ቻለ ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን በዚሁ ላይ ሳለን የእሜቴ ነፍስ አባት ወደ ቤቱ ሲመጡ ድምፄን ሰሙ። ከጎተራ ጀርባ አንዲት ልጃገረድ ብቻዋን «ማን ቀረኝ! ኧረ ማን ቀረኝ!» ስትል የሰማ ቄስ ምን ያስባል? መስቀላቸውን አውጥተው እየሮጡ መጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ! አባትሽ ናቸው ወይስ እናትሽ?»

«ማን፣ አባ?»

«የሞተው!»

«ማንም አልሞተም፤ ውሻው ነው።»

«ውሻ ሞተ?»

ውሻው መኖሩን ለማሳየት «ው! ው!» አለና ወደ ነጠላዬ ቋጠሮ ዘለለ። አባ አየሩን አሸተቱ። ሁዳዴ ላይ የቋንጣ ሽታ ከሩቅ ይጠራል፤ በተለይ አርባ ቀን ሊሞላው የደረሰ ጾመኛ አፍንጫ ላይ።

«ገደፍሽ?»

«እኔ አልገደፍኩም። እሱ ነው።»

«እሜቴ በቤቴ ያለ ሁሉ ይጾማል ብለውኛል።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

አባ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ደግ አሉ አልኳቸው። ውሻ እንዳለ ማን ነገረኝ?» ከዚያ ነገሩን ሁሉ፣ ሞረቱንም ፈተናውንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ለመሳቅም ለመቆጣትም እየታገሉ ቆሙ። «ውሻ ጾም የለበትም። ለእሜቴም አልነግርም። አንቺ ግን መቶ ስግደት ትሰግጃለሽ።»

«ለውሻው ነው ወይስ ለኔ?»

«ለምላስሽ» አሉና ሄዱ።

ሰገድኩ። ውሻው ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ጆሮዬን ይልሰኝ ነበር።

የፋሲካ ማግስት ፀሐይ ጥርት ብላ ወጣች። መዝሙሩን አነበብኩ። ጥቅሌ ከደጃፉ ተቀምጧል። አንድ የቀረኝ ነገር ውሻውን ማምጣት ነበር፤ ወደ ቁናው ሄድኩ፤ ቁናው ባዶ ነው። መደቡ ሥር አየሁ፤ የለም። ከዚያ በአጥሩ ግርጌ፣ እኔ እስከዚያ ቀን ያላየሁት፣ አንድ ውሻ በልኩ የሚያሾልክ ቀዳዳ አየሁ፤ እሾሁ ላይ ነጭ ጠጉር ተንጠልጥሏል። ከማዶ የተጠበሰ በግ ይሸታል።

አምስት ሳምንት ሥጋ እየሰጠሁ ያስተማርኩት ውሻ ሥጋ ወዳለበት ሄደ፤ ማን ይፈርድበታል?

«ዝግጁ ነው?» አሉ እሜቴ ከመደባቸው። ዓይናቸው እስከ አጥሩ አይደርስም። እኔ ደግሞ አፌን ልዘጋ ቃል ገብቻለሁ።

«ማን ቀረኝ!» አሉ፣ በአዋጅ ድምፅ።

ምንም የለም። ሽማግሌው ከበቅሎዋ ጎን ሆኖ እኔን አየ።

«ማን ቀረኝ!» አሉ ደግመው። በዚህኛው አዋጁ አልነበረበትም። ምላሴን ነከስኩ። የምመልስላቸው ከሆነ ሞረት ቀረ፤ የማልመልስላቸው ከሆነ እኒህ ሴት በፋሲካ ማግስት፣ በገዛ ደጃቸው፣ ማዶ እየተሰማ ጠርተው ሊቀሩ ነው። እጃቸው ጎናቸውን፣ ውሻው የሚተኛበትን ቦታ ሲዳስስ አየሁ።

«ማን ቀረኝ?» አሉ ሦስተኛ፣ ቀስ ብለው። ይህ ጥሪ አልነበረም።

አፌን ከፈትኩ። ከአፌ ቃል ከመውጣቱ በፊት ከማዶ፣ አፉ የሞላ ውሻ የሚጮኸው ዓይነት ጩኸት፣ «ው! ው!» መጣ። ተከትሎም የሰው ድምፅ፦

«እኔ አለሁልሽ! ሰማሽ? እኔ አለሁልሽ! ሁዳዴን ሙሉ ማን ቀረኝ፣ ማን ቀረኝ እያልሽ ጆሮዬን በላሽው! ቀርቻለሁ! ይኸው አለሁ! አሁን ዝም በይ፣ ውሻሽንም ውሰጂ!»

የበር መዝጊያ ተንኳኳ። የማዶዋ ወይዘሮ ውሻውን በብብታቸው ይዘው፣ ውሻውም አጥንቱን በአፉ ይዞ፣ በእኛ በር ገቡ። ከተዝካሩ ወዲህ በዚያ በር ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ውሻዬ ሰው ቤት አይገባም» አሉ እሜቴ አንገታቸውን አቅንተው።

«እንግዲያ ይሄ ወርች ይዞ የሚሮጠው ዲያቆን ነው?»

«ጧሪ የላትም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አልኩ።» ወይዘሮዋ ውሻውን አወረዱት። «አልኩ እንጂ። እኔስ አለኝ? ልጆቼ እንጦጦ አይደሉም? ትናንት በጉን አርጄ ለስንት ሰው እንዳቀረብኩ ታውቂያለሽ? ለራሴ! ይሄ ውሻ ባይመጣ ኖሮ የሚበላልኝ አልነበረም።»

ሽማግሌው በቅሎዋን ያለ ምክንያት መዳበስ ጀመረ።

«ቁጭ በይ እንግዲህ» አሉ እሜቴ በመጨረሻ። «ፀሐዬን ከለልሽኝ።»

ወይዘሮዋ ተቀመጡ። ውሻው በሁለቱ መሐል ገብቶ አጥንቱን መደቡ ላይ አኖረ። እሜቴ «ያ ቅቤ የተቀባ ጠጉሩ ነጠላዬን አበላሸው» ሲሉ ወይዘሮዋ «ውሻ ቅቤ መቀባት ከማን ተማርሽ?» አሉ፤ ወዲያው ተጣሉ፤ ሲጣሉ ድምፃቸው እንዴት እንደሚያምር!

እኔ ጠጋ አልኩ። «እሜቴ፣ ውሻው መልሷል።»

«ከማዶ ነው የመለሰው።»

«ከየት እንደሚመልስ አልተባባልንም።»

«አየሽ? አየሽ ምላሷን?» አሉ ለወይዘሮዋ።

«ልቀቂያት! የሷን ድምፅ በአጥር ስሰማ ጾሙ ሁለት ሆኖብኝ ነው የከረመው።»

«መዝሙሩን ማን ያነብልኛል?»

«ነፍስ አባትሽ ምን ይሠራሉ? በልተው ብቻ ሊሄዱ?»

እሜቴ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ፤ ዓይናቸው ከኔ ትንሽ ወዲያ ያርፋል። «አጎትሽ ቦታ የሰጠሽ እስከ መቼ ነው ያልሽው?»

«እስከ ዳግም ትንሣኤ።»

«ስድስት ቀን ነው የቀረሽ። ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ይልቅ አያያዙን ለዚህች ንገሪያት፤ ትገድልብኛለች።»

ነገርኳቸው። ፊቱን በእንዶድ እንዳያጥቡት፣ ፀሐይ ሳይወጣና ሳይረፍድ እንዳያርሱት፣ የተሰነጠቀ አጥንት እንዳይሰጡት፣ ቅቤ ከቀቡት እስኪደርቅ ድረስ አንገቱን እንዲይዙት። ወይዘሮዋ «እሺ፣ እሺ» እያሉ ከአጥንቱ ላይ ሥጋ እየፈለፈሉ ያጎርሱት ነበር፤ አንዱንም የሰሙ አይመስለኝም። ሚዶዬን ለውሻው ተውኩላቸው።

የእሜቴን ጉልበት ሳምኩ። የማዶዋን ወይዘሮ ጉልበትም ሳምኩ። ሽማግሌው ጥቅሌን አንሥቶ ጀርባዬ ላይ አስተካከለልኝና እስከ በሩ ሸኘኝ። በሩን ከፈተልኝ። ወጣሁና ወደ ሞረት የሚያሻግረውን የደብረ ብርሃንን መንገድ ያዝኩ።